ስለ ዋልያስ ባንድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሙዚቃ ድግስ ለምታሰናዱ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ዜማ ለምታሰሙ፣ እንዲሁም የቆዩ ካሴቶችን በኢንተርኔት ለምታሠራጩ ሁሉ፤

ጉዳዩ፦ ለባንዱ ሥራዎች የራሳቸው ምሽት እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ የሙዚቃ ትምህርትም አልቀሰምኩም። ዋልያስ ባንድን ማዳመጥ የጀመርኩት ግን ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በደርግ ዘመን በቤታችን የነበረው ሬዲዮ አንዱን ዝግጅት ጨርሶ ሌላውን እስኪጀምር ያለውን ክፍተት በመሣሪያ ብቻ በተሠሩ ዜማዎች ይሞላው ነበር። እናቴ ከጓዳ ሆና ዜማውን በአፏ ትከተላለች፤ ዜና አንባቢው መሐል ላይ ሲገባባት ደግሞ «ምናለ ቢያስጨርሱት!» እያለች ትቆጣለች። ከእነዚያ ዜማዎች አንዱ «ሙዚቃዊ ስልት» እንደሚባል፣ የተጫወቱትም ዋልያስ እንደሆኑ ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም በሰው አገር፣ አንድ ፈረንጅ ወጣት የሸክላውን ሽፋን አሳይቶኝ ነው። ልጁ የተጫዋቾቹን ስም እየተኮላተፈ አንድ በአንድ ሲቆጥርልኝ፣ እኔ ግን ዜማውን ከማንጎራጎር በቀር የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ያን ቀን የተሰማኝ ኀፍረት ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። ዋልያስ ባንድ የሠሯቸውን የመሣሪያ ሙዚቃዎች ያለ ድምፃዊ፣ በየመሐሉ ንግግር ሳይገባባቸው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምናዳምጥበት ምሽት አዘጋጁልን፤ በማስታወቂያውም ላይ የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም ከመሣሪያው ጋር ጻፉ። በሕይወት ያሉትና ጤናቸው የሚፈቅድላቸው በመድረኩ ላይ ይገኙ፤ ያልቻሉትን ወጣቶች ይተኳቸው። ጥያቄው ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በሁለቱም ከተሞች የሐበሻ ድግስ ስከታተል፣ እንዲህ ያለ ምሽት አንድም ቀን አልገጠመኝም።

ባንዱ የተቋቋመው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ልግለጽ። ከዚያ በፊት የከተማው ታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ፤ ሙዚቀኛው የመሥሪያ ቤቱ ደመወዝተኛ ስለሆነ የሚጫወተውም በመሥሪያ ቤቱ ሥርዓት ነበር። ዋልያስ ግን የማንም ተቀጣሪ ሳይሆኑ በራሳቸው ተዋውለው ከሚሠሩት አዳዲስ ባንዶች መካከል ነበሩ። (በነገራችን ላይ የዚያን ዘመን ሁለት ታላላቅ ባንዶች፣ ዋልያስና አይቤክስ፣ ስማቸውን የወሰዱት ከዚያው ከሰሜን ተራሮች ፍየል ነው፤ አንዱ በአማርኛ ሌላው በፈረንጅኛ ይጠሩት እንጂ እንስሳው አንድ ነው። እርስ በርስ ስለመፎካከራቸው ብዙ ይወራል፤ በስም ግን ወንድማማቾች ነበሩ።)

የዋልያስ ቤት ሂልተን ሆቴል ነበር። ደርግ የሰዓት እላፊ ባወጀበት ወቅት፣ ማምሻውን ወደ ሆቴሉ የገባ ሰው እላፊው እስኪነሳ ድረስ መውጣት ስለማይችል፣ እንግዳውም ባንዱም እዚያው ያነጉ ነበር። ይህን ታሪክ የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በተለያዩ ጊዜያት ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ የዋልያስ ጨዋታ ለምን እንደማይቸኩልም የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ያለበት ባንድ ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ አውጥቶ አይጨርስም። አንዲቷን የቤዝ ምት ይዞ እየተመላለሰ፣ ሰው ወንበሩን ስቦ እስኪነሳ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ነፋሾቹ የሚገቡት። ዛሬ በኮንሰርት ላይ አምስት ዘፈን በአንድ ትንፋሽ ሲገጣጠም የምንሰማው ሩጫ ከዚህ ትዕግሥት ጋር አይተዋወቅም።

በ1977 በካይፋ ሪከርድስ የታተመውን «ቼ በለው» የተሰኘውን ሸክላ ያላዳመጠ ካለ፣ ይህን ደብዳቤ እዚህ ላይ አቁሞ ሄዶ ቢያዳምጠው ቅር አይለኝም። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ መላኬ ገብሬ በቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ በድራም የተጫወቱ ሲሆን ሙላቱ አስታጥቄም አብረዋቸው ነበሩ። ስለ እነዚህ ሙዚቀኞች ሲነገር እነ ኪንግ ከርቲስና ጁኒየር ዎከር የተባሉት አሜሪካውያን የሳክስፎን ተጫዋቾች አሳድረውባቸዋል ስለሚባለው ተጽዕኖ ብዙ ይጻፋል፤ እውነትም ነው፤ የሳክሱ አነፋፈስ ላይ ይታወቃል። እኔ ግን ስሰማው ቀድሞ የሚመጣብኝ የአዝማሪ ቤት ነው። ኦርጋኑ እንደ አዝማሪው ነገር ይጀምራል፣ ነፋሾቹ እንደ ተቀባይ ይመልሱለታል፣ እርሱም መልሳቸውን ሰምቶ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። የባንዱ ፒያኖ ተጫዋች በነበሩት በግርማ በየነ የተደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ይህ ምልልስ ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል። በሌሎች አገሮች ያሉ ባንዶች ደጋግመው የተጫወቱት፣ የኒው ዮርኮቹ ዳክታሪስ ሳይቀሩ በ1998 በወጣው ሸክላቸው ያካተቱት፣ ለዳንስ ስለሚመች ብቻ አይመስለኝም፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ እየተነጋገሩ እንደሆነ ይገባዋል።

አድናቂ ነኝ ማለት ጉድለት አይታየኝም ማለት አይደለም። በዚያው ሸክላ ላይ የሆቴል አዳራሽ እራት እየበላ ከበስተጀርባ እንዲሰማው የተሠሩ የሚመስሉ፣ ኦርጋኑ ከሚገባው በላይ የሚንቆለጳጰስባቸው ቁርጥራጮች አሉ። ኃይሉ መርጊያ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠሩትን «ወደ ሐረር ጉዞ» ከእርሱ አስበልጬ የማዳምጥባቸው ቀኖች አሉኝ፤ እዚያ ላይ ጨዋታው ለስለስ ይላል፣ ጊታሩም ትንፋሽ ያገኛል። የ1975ቱን «ትዝታ» ካሴት በተመለከተ ግን ከማንም ጋር አልከራከርም። ግጥም ሁሉ በሳንሱር እየተመረመረ በሚወጣበት ዘመን፣ ያለ አንድ ቃል ያን ሁሉ ናፍቆት መናገር መቻል ለእኔ የባንዱ ትልቁ ሥራ ነው።

ዋልያስ ከማህሙድ አሕመድ፣ ከጌታቸው ካሣና ከሌሎችም ድምፃውያን ጋር ሠርተዋል። በእኛ አገር ልማድ ይህ «አጃቢነት» ይባላል፤ ቃሉን አልወደውም። አጃቢ ማለት ሙሽራውን ተከትሎ የሚሄድ፣ ቢቀርም ሠርጉ የማይቀርበት ሰው ነው። ነገር ግን እስቲ በአንድ ግብዣ ላይ የማንኛውንም የዚያን ዘመን ዘፈን መግቢያ ብቻ አሰሙ፤ ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት አዳራሹ ሁሉ ያጨበጭባል። ያ ጭብጨባ የባንዱ ነው። በ1975 የወጣው የማህሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» የድምፃዊው ታላቅነት የታየበት መሆኑ አያጠያይቅም፤ ሆኖም አይቤክስ ባንድ ያን የሚሽከረከር የቤዝ መስመር ባይዘረጉለት ኖሮ፣ ያ ድምፅ የት ላይ ቆሞ ይጮኽ ነበር? የካሴቱ ሽፋን ላይ ግን የድምፃዊው ፎቶ በሰፊው ይወጣል፤ የባንዱ ስም ቢጻፍ በጥግ በኩል በትንንሽ ፊደል ነው፤ የተጫዋቾቹ ስም ከነጭራሹ የለም። የቆዩ ካሴቶችን ወደ ኢንተርኔት የምታወጡ ወገኖች ይህን ጉድለት ማረም ስትችሉ እናንተም መልሳችሁ ትደግሙታላችሁ። የድምፃዊው ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ «ምርጥ የድሮ ዘፈን» የሚል ጭማሪ፣ ከዚያ በቃ።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ መጡ። ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ በዚህ አገር ተዘዋውሮ ሲጫወት የመጀመሪያው ነበር፤ ማህሙድ አሕመድና ጌታቸው ካሣ አብረዋቸው ነበሩ፤ አድማጩም በአብዛኛው አገሩን ጥሎ የተሰደደ ሐበሻ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ግርማ በየነ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኬ ገብሬ እዚሁ ቀሩ፤ ተማረ ሐረጉና ዮሐንስ ተኮላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ባንዱ ለሁለት የተከፈለው ያኔ ነው። እዚህ የቀሩት ዙላ የሚባል ባንድ አቋቁመው ለተወሰነ ጊዜ ቢሠሩም፣ ስደት ለሙዚቀኛ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዱ እንደነበር፣ በመኪናቸው የዕቃ መጫኛ ውስጥም በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይዘው ተራቸው እስኪደርስ ይለማመዱ እንደነበር ዛሬ የማያውቅ የለም። እኔም በዚህ አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ፤ ያን ሰልፍ አውቀዋለሁ። ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት ተሰልፎ ይጠበቃል፤ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዱ ስለ አገሩ ፖለቲካ ይሟገታል። እኔ ከተኙት ወገን ነበርኩ።

በ1985 ያሳተሙት «ሸሞንሟናዬ» የሚገኝበት ካሴት ላይ፣ ኃይሉ መርጊያ በልጅነታቸው ወደ ተማሩት አኮርዲዮን ተመልሰው፣ ከሞግ ሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር ሁሉንም ብቻቸውን ተጫውተውታል። መጀመሪያ ስሰማው አልወደድኩትም። ከሥር የሚመታው የድራም ማሽን እንደ ግድግዳ ሰዓት ደረቅ ሆነብኝ፤ «ይሄ ሰው ደህና ድራመር አጥቶ ነው?» አልኩ። ኋላ ላይ ነው ጥያቄዬ ራሱ መልሱን እንደያዘ የተረዳሁት፤ አዎን፣ አጥተው ነው። ድራመሩ አዲስ አበባ ነበር፣ እርሳቸው ዋሽንግተን። ከዚያ ወዲህ ያን ማሽን ስሰማ ባዶውን ወንበር አስባለሁ፤ ካሴቱም ከምወዳቸው አንዱ ሆኗል። ይህ ካሴት በ2013 በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ አማካኝነት እንደገና ወጥቶ፣ ኃይሉ መርጊያን ወደ መድረክ የመለሳቸው መሆኑ ይታወቃል። «ላላ በሉ» በ2018፣ «የኔ ምርጫ» በ2020 ተከታትለው ወጡ። ግርማ በየነም በበኩላቸው በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የሠሩት አልበም የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሚያሳትመው በኢትዮፒክስ ተከታታይ 30ኛ ሆኖ ታተመ። ልብ በሉ፤ ሁለቱንም ያስታወሷቸው ፈረንጆች ናቸው። ውለታቸውን አልክድም፤ እኛ የት ነበርን ብዬ ለመጠየቅ ግን እገደዳለሁ።

ስለ መድረክ ሥራው ያለኝን አስተያየት ሁለት ምሽቶችን እያነጻጸርኩ ላቅርብ። አንደኛው ኃይሉ መርጊያ ከቤዝና ከድራም ጋር በሦስት ሰው ብቻ ሲጫወቱ ያየሁበት ነው። ማስታወቂያው ላይ በተጻፈው ሰዓት ተጀመረ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ሰዉ ቆሞ፣ ዝም ብሎ አዳመጠ፤ አንዱ ቁራጭ ሳያልቅ የጮኸ አልነበረም። ከአዳራሹ ሐበሻ የምንሆነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። ጨዋታው እጅግ ደስ ይል ነበር፤ ቅሬታዬ ነፋሾች አለመኖራቸው ብቻ ነው። ኦርጋኑ «ነገር» ብሎ ሲያቆም፣ በሸክላው ላይ ሳክሱና ትራምፔቱ የሚመልሱበት ቦታ ባዶውን ቀረ። ሳላውቀው መልሱን በአፌ መሙላት ጀመርኩ፤ አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሐበሻ ሴትም እንዲሁ ስታደርግ ሰማኋትና ተያይተን ሳቅን። ያ ክፍተት በእኛ ጉሮሮ ሳይሆን በእውነተኛ ነሐስ መሞላት ነበረበት።

ሁለተኛው የእኛው ምሽት ነው፤ የአዘጋጁንም የአዳራሹንም ስም አልጠቅስም። «የድሮ ባንዶች ትዝታ» ተብሎ ተጋበዝን። ከምሽቱ አራት ሰዓት የተባለው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ። የመድረክ መሪው የስፖንሰሮችን ስም ሲያነብ፣ በስልክ የተላኩ የልደት ምኞቶችን ሲያስተላልፍ ቆየ። ባንዱ በስተኋላ፣ በጭሱ ውስጥ፣ ፊታቸው እንኳ ሳይለይ ተደረደሩ። የድምፃዊው ማይክ ሞንታርቦውን ሊሰነጥቀው ሲደርስ ቤዙ ጨርሶ አይሰማም፤ ሳክስ የያዙት ሽማግሌ ጉንጫቸው ሲነፋ እናያለን እንጂ ድምፃቸው የት እንደገባ አናውቅም። በአንድ ወቅት «ሙዚቃዊ ስልት» ተጀመረ። ልቤ ዘለለ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የመድረክ መሪው ብቅ ብሎ በዜማው ላይ እየተናገረ የሚቀጥለውን ድምፃዊ አስተዋወቀ። እናቴን አስታወስኳት፤ ዜና አንባቢው እዚህም ተከትሎን መጥቷል።

ይህን ስል «ሕዝቡ ያለ ድምፃዊ አይመጣም፤ የሚመጣውም ለመጨፈር ነው» የሚለውን መልሳችሁን ከአሁኑ እሰማዋለሁ። ኪሳራው የእናንተ ስለሆነ ስጋታችሁን አልንቀውም። ነገር ግን በሂልተን እስኪነጋ ሲጨፍር የኖረው ሰው የጨፈረው በምንድን ነው? ወላጆቻችን በኦርጋንና በሳክስፎን ብቻ ትከሻቸውን ሲነቀንቁ እንዳደጉ ረስታችሁት ካልሆነ በቀር፣ የመሣሪያ ሙዚቃ ለሐበሻ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም። ትልቅ አዳራሽም አያስፈልግም። ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ ቤት፣ የተስተካከለ የድምፅ ባለሙያ፣ የታረመ ማስታወቂያ፣ በሰዓቱ መጀመር፤ ቲኬቱን በዕጥፍ ብትሸጡትም ከፍለን እንገባለን። በአዲስ አበባ ነሐስ የሚነፉ ወጣቶች እንዳሉ በየጃዝ ምሽቱ አይቻለሁ፤ የተማረ ሐረጉን የድራም ምትና የመላኬን የቤዝ መስመር ከነአነሳሱ አጥንተው ቢጫወቱ ለእነርሱም ትምህርት ነው።

በሬዲዮ የምትሠሩትን በተለይ የምለምናችሁ፣ ዜማውን ካሰማችሁ በኋላ አሥር ሰከንድ ብቻ እንድትጨምሩ ነው፤ የቁራጩ ርዕስ፣ የባንዱ ስም፣ ኦርጋን እገሌ፣ ሳክስፎን እገሌ፣ ድራም እገሌ። የመሣሪያ ሙዚቃን የማስታወቂያ መንደርደሪያ ማድረጋችሁን ትተዋላችሁ ብዬ አልጠብቅም፤ ሲሆን ሲሆን ግን ማስታወቂያው ሲያልቅ ዜማውን ከቆመበት ቀጥሉልን።

ምሽቱ በሚዘጋጅበት ጊዜ ወንበር በማስተካከልም፣ ማስታወቂያ በመለጠፍም፣ እንግዶችን ከአየር ማረፊያ በመቀበልም ያለ ክፍያ ለማገልገል ዝግጁ መሆኔን በዚህ አጋጣሚ አረጋግጣለሁ፤ የዳለስን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል ለእናንተ እተዋለሁ። «ሙዚቃዊ ስልት» ግን በመጨረሻ ይሁን፤ የመድረክ መሪውም ማይኩን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ዜማውን ያስጨርሱን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ከዋልያስ ባንድ የረጅም ጊዜ አድማጮች አንዱ